ሦስት ኪሎ ስጦታ

አባቴ የተላከለትን ካሜራ አምስት ወር ሙሉ ከቁም ሳጥን አላወጣውም። በስድስተኛው ወር ሰፈራችን ፈረሰ።

ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በአብዛኛው የእኔ ነው፤ ትንሽ የእህቴ፣ ትንሽ ደግሞ ለወላጅ ስጦታ ስንገዛ ዋጋውን እንጂ ሰውየውን የማናይ የሁላችን ነው። ዛሬ ስለ ዶላርና ስለ ፖለቲካ ትቼ ስለ ካሜራ በመጻፌ ቅር የሚላችሁ ካላችሁ ይቅርታ። ግን ብዙዎቻችሁ ጡረታ የወጣ አባት ወይም እናት አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም ራሳችሁ ወደዚያው ናችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ለ2016 ፋሲካ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስታገኝ "ለአባዬ ካሜራ ልልክለት ነው፤ ምን ዓይነት ልግዛ?" ብላ ደወለችልኝ። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ፣ ከፎቶ አንሺዎች ጋር ስለምውል አውቃለሁ ተብዬ ነው። እኔም ሳላቅማማ "ከገዛሽ አይቀር ዋናውን ግዢለት" አልኳት። ገዛች። ባለሙያዎች የሚይዙትን፣ ሙሉ ፍሬም የሚባለውን ትልቁን ካሜራ፣ ከሁለት ሌንስ ጋር።

እህቴ ይህን ያህል የከፈለችው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ከሞስኮ ተምሮ ከተመለሰ ጓደኛው ላይ ዜኒት ካሜራ ገዝቶ ነበር። በዚያ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የተመለሰ ተማሪ ሻንጣ ውስጥ ዜኒት አይጠፋም። አባቴ ከደመወዙ ቀንሶ ፊልም ይገዛል፣ 36ቱን ፎቶ ቆጥቦ ያነሳል፣ አሳጥቦ ከጀርባው ቀኑንና ቦታውን ይጽፋል። በ1983 እህቴ በአራት ዓመቷ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ዜኒቱ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ አባቴ ካሜራ ይዞ አያውቅም። እህቴ ይህን ታሪክ ከእናታችን እየሰማች ነው ያደገችው። የላከችው ካሜራ ሳይሆን የቆየ ዕዳ ነበር። ዕዳ ሲከፈል ደግሞ ከወለድ ጋር ነው፤ ስለዚህ ከበደ።

ስንት እንደከበደ በቅርቡ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። የካሜራው አካል ብቻ ወደ 900 ግራም። ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚያጎላው ሌንስ 800 ግራም። ከ70 እስከ 200 የሚደርሰው ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ። ድምሩ ከሦስት ኪሎ በላይ። ቦርሳውንና ባትሪ መሙያውን ሳልቆጥር ነው። አባቴ 67 ዓመቱ ነው፤ ቀኝ ትከሻው ብርድ ሲነካው እጁን ከደረቱ በላይ ማንሳት ይቸግረዋል። "ዜኒቱስ ቀላል ነበር ወይ?" የሚል አይጠፋም። አልነበረም። ዜኒት ከነሌንሱ ኪሎ ይጠጋል። ነገር ግን ያኔ አባቴ 27 ዓመቱ ነበር።

ካሜራው በደረሰ ቀን በቪዲዮ ስልክ እህቴን መረቃት፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አድርጎ ፎቶ አነሳሁት፣ ዶሮ ተበላ። ከዚያ ቁም ሳጥን ገባ። ለምን አታነሳም ስለው አንድ ቀን "ውድ ዕቃ ነው፣ መንገድ ላይ ይዤ አልወጣም"፣ ሌላ ቀን "ክረምት ነው፣ ይርጠብ እንዴ?"፣ ሌላ ቀን "ነገ" ይለኛል። እኔም ሥራ አለብኝ፤ ነገን አምኜ እሄዳለሁ።

የእኛ ሰፈር ካዛንቺስ ነበር። ስሙ ራሱ ከጣልያን ዘመን የቀረ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣልያን ተቋም ምህፃረ ስም የመጣ። አባቴ ይህን ለተማሪዎቹ ያስተምር ነበር። እያንዳንዱ በር የማን እንደነበር፣ የትኛው ጠጅ ቤት በየት ዘመን እንደተዘጋ፣ የትኛው አጥር ውስጥ የሾላ ዛፍ እንደነበረ ያውቃል። በ2017 መጀመሪያ ተነሱ ተባለ፤ በጥቅምት ፈረሰ። ልማት ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው፤ በዚህ ቻናል ብዙ ተብሎበታል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የሰፈሩን እያንዳንዱን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው፣ ካሜራ እቤቱ ውስጥ እያለ፣ አንድም ፎቶ ሳያነሳ ሰፈሩ ጠፋ። ከእኛ ቤት በር የቀረልን በዜኒቱ በ1979 የተነሳች፣ እህቴ በጨቅላነቷ በእናቴ ታቅፋ የምትታይባት አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ናት። እኔ በስልኬ ያነሳሁት አቧራ፣ ቆርቆሮና የጭነት መኪና ነው።

አዲሱ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ገብተን ዕቃ ስንፈታ ካሜራውን ከነካርቶኑ አገኘሁት። ትንሽ ተናድጄም ነበር። "አባዬ፣ ይሄን ያህል ብር ወጥቶበት አንድ ቀን እንኳ አትሞክረውም?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሞክሬዋለሁ፤ ዓይኔ ነው እምቢ ያለው። ሳየው ሁሉም ነገር ደብዛዛ ነው። ለእሷ እንዳትነግራት" አለኝ።

ካሜራውን ተቀብዬ ዓይኔን መመልከቻው ላይ አደረግኩ። ለእኔም ደብዛዛ ነበር።

ከመመልከቻው አጠገብ የምስር ፍሬ የምታክል ትንሽ መዘውር አለች። ዳዮፕተር ትባላለች። ሥራዋ መመልከቻውን ከተመልካቹ ዓይን ጋር ማስማማት ነው፤ የመነጽርን ሥራ በትንሹ ትሠራለች። ካሜራው ከካርቶን ሲወጣ ወይም ሻንጣ ውስጥ ሲተሻሽ መዘውሯ ወደ አንድ ጥግ ዞራ ነበር። መለስ አድርጌ ሰጠሁት። እሱም በጣቱ ትንሽ ዞር፣ ትንሽ መለስ አደረጋት። ቆመ።

"ይሄ ነው?" አለኝ።

"ይሄው ነው።"

ካሜራውን ቀስ ብሎ አልጋው ላይ አስቀመጠውና "የበሩን ፎቶ ላነሳው ነበር እኮ" አለ። ሌላ ነገር አላለም።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ስለዚህ ነገር ማሰብ የጀመርኩት። አባቴ አምስት ወር ሙሉ ዓይኑ የጠፋ መስሎት፣ አፍሮ፣ ለልጆቹ ሳይናገር ተቀመጠ። የኛ አባቶች እንዲህ ናቸው። ስጦታ ከበደኝ፣ አልገባኝም፣ አላየሁም ብለው ሰጪን አያሳፍሩም። ስለዚህ ጠይቆ መግዛት የሚለው ምክር ብቻውን አይሠራም። "ምን ዓይነት ትፈልጋለህ?" ብትሉት "ምንም አልፈልግም፣ እናንተ ደኅና ሁኑልኝ" ነው መልሱ። እጁን፣ ዓይኑንና የሚሄድበትን መንገድ አይታችሁ ራሳችሁ መፍረድ አለባችሁ።

ከዓይን ልጀምር። ከአርባ ዓመት በኋላ የማንኛችንም ዓይን ቅርብ ያለ ነገር ላይ ማተኮር ይቸግረዋል። የካሜራ ጀርባ ላይ ያለው ስክሪን ደግሞ ቅርብ ያለ ነገር ነው፤ በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ላይ ለወጣቱም አይታይም። ስለዚህ ዕድሜው ለገፋ ሰው ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት መመልከቻ የሌለው ካሜራ አትግዙ። ያችን መዘውር በመጀመሪያው ቀን፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ፣ አስተካክሉለት። ተስተካክላም ምስሉ ካልጠራለት ችግሩ ከካሜራው አይደለምና ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የዓይን ሞራ ወይም ግላኮማ በዚህም ሊታወቅ ይችላል።

ቀጥሎ እጅ። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ያለ ማቆሚያ ሲያነሱ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ሌንሱ 200 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፍጥነቱ ከ200ኛ ሰከንድ እንዳይዘገይ፣ 50 ከሆነ ከ50ኛ። ይህ ለረጋ እጅ ነው። ትንሽ ለሚንቀጠቀጥ እጅ ካሜራው በውስጡ ማረጋጊያ ያስፈልገዋል። ማረጋጊያ የአንሺውን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ሕፃን አያቆምም፤ ይህን ማስረዳት ጥሩ ነው፤ አለዚያ የልጅ ልጅ ፎቶ በተበላሸ ቁጥር ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል።

ከዚያ ክብደት። ለ2017 ገና እህቴ ሌላ መንገደኛ አገኘች። በዚህኛው ጊዜ ያስላክሁት ያገለገለ ኦሊምፐስ ኦ.ኤም.ዲ ኢ.ኤም 10 ማርክ 3 ነው። ከባትሪው ጋር 410 ግራም፤ አብሮት የመጣው ቀጭን ሌንስ 93 ግራም። ተደምሮ ግማሽ ኪሎ። ጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባል። መመልከቻ አለው፣ ዳዮፕተር አለው፣ ማረጋጊያ አለው። ካሜራ የሚያውቁ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ሴንሰሩ ከትልቁ ካሜራ ሴንሰር አንድ አራተኛ ቢሆን ነው፤ ልክ ናቸው። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ለማንሳት ትልቁ ይበልጠዋል፤ ይህንም አልክድም። ግን 16 ሜጋፒክስል ፎቶ በጥሩ ጥራት ሲታተም 39 በ29 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። ከአባቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የአያቴ ፎቶ ብቻ ነው።

ለሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ካሜራ ለጡረተኛ የሚታሰብ አልሆነም፤ ያገለገለ ግዙ፣ አያሳፍርም። ስትገዙ የስልካችሁን መብራት በሌንሱ ውስጥ አሳልፋችሁ እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። በእኛ ክረምት ሌንስ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ ሲከርም ይሻግታል፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትጥሏትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብራችሁ አስቀምጡ። ሌላው፣ ሜኑውን አንዴ አስተካክላችሁ ጨርሱና ሦስት ነገር ብቻ አሳዩት፤ ማብሪያውን፣ ማጉያውን፣ ማንሻውን። ስክሪን ሲነካ ፎቶ የሚያነሳውን አጥፉለት። አባቴ በመጀመሪያው ሳምንት 140 የሚሆን የገዛ አውራ ጣቱን ፎቶ አንስቷል።

"ስልኩ አይበቃውም?" ይባላል። ለብዙ ሰው ይበቃዋል፤ እናቱ በስልኳ ደስ ብሏት የምታነሳ ሰው ካሜራ ፍለጋ አይሂድ። ለአባቴ ግን አልበቃውም። ቆዳው የደረቀ ጣት ስክሪኑ አይሰማውም፤ አንዴ አይነሳም፣ አንዴ ሃያ ጊዜ ይነሳል። ሊያነሳ ሲል ይደወልለታል። ከሁሉ በላይ ስልክ ለእሱ የለቅሶና የሐዋላ መስሚያ ነው። ካሜራውን ሲይዝ ግን ሊያይ ነው የሚወጣው።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። አባቴ ካሜራ ጀመረ ስል ሰዎች ወዲያው "ለጤናው ጥሩ ነው፣ አእምሮ ያድሳል፣ እንቅስቃሴ ይሆነዋል" ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ግን ስድሳ ያለፈው ሰው የሚያደርገው ሁሉ ለምን መድኃኒት መሆን አለበት? የ25 ዓመት ልጅ ካሜራ ሲገዛ ለደም ግፊቱ ነው አንልም። ወደደ፣ ገዛ። አባቴም ወደደ። ጃፓናዊቷ ኪሚኮ ኒሺሞቶ በ72 ዓመቷ ካሜራ የጀመረችው ልጇ የሚያስተምርበት ክፍል ገብታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ራሷን በቆሻሻ ከረጢት ተጠቅልላ፣ በመጥረጊያ እየበረረች በመሰሉ አስቂኝ ፎቶዎች ዓለም አወቃት። በሽተኛ ስለሆነች አልነበረም። መሳቅ ስለፈለገች ነው። አንድሬ ከርቴስ ደግሞ ቀድሞውኑ ታላቅ ፎቶ አንሺ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሚስቱ ስትሞትበት ሰማንያ አልፎት ነበር። ያኔ የያዘው የሚታጠፍ ፖላሮይድ ነው፤ ኒው ዮርክ ካለው ቤቱ መስኮት ላይ ትንሽ የብርጭቆ ቅርጽ እያስቀመጠ ብርሃን ሲያልፍባት ያነሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ቀላል ካሜራና አንድ መስኮት።

አባቴም አሁን የሚያነሳው በአብዛኛው ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ነው። ጠዋት ውኃ ሲመጣ ቢጫ ጀሪካኖች ግቢው ውስጥ ይሰለፋሉ፤ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ ጀሪካኖቹ ወረፋ ይጠብቃሉ። ይህን ሰልፍ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ያነሳዋል። ለምን ስለው "ቅርጹ በየቀኑ ይለያያል፣ እንደ ወንዝ ነው" አለኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪ አይለቀውም።

ውጭ ሲወጣ ግን ሌላ ችግር አለ። አንድ ቅዳሜ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ውጭ ያበበ የጃካራንዳ ዛፍ ሲያነሳ ጥበቃው ሮጦ መጣ። "አባቴ፣ እዚህ ማንሳት ክልክል ነው።" "የት ተጽፏል?" "አይጻፍም፣ ይታወቃል።" አባቴ ዛፉን አጠፋለት። ጥበቃው በአክብሮት ነው የተናገረው፣ አባቴም አልተቆጣም፤ ቤት ሲገባ ግን ካሜራውን ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነበር ያስቀመጠው፣ ሁለት ሳምንት አልነካውም። መነሳት የሌለበት ቦታ መኖሩን አምናለሁ። ካለ ታርጋ ይለጠፍበት፤ ያልተለጠፈበትን መንገድ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ያንሳው። በየሳምንቱ መልኩን በሚቀይር ከተማ ውስጥ ትናንት እዚህ ምን እንደነበረ የሚያውቁት ሰዎች እነሱ ናቸው። የሚያውቁትን ነገር ፈልገው የሚያነሱትም እነሱ ናቸው፤ እኛ የምናነሳው አዲስ የተሠራውን ፏፏቴና ራሳችንን ነው።

ትልቁ ካሜራ ተሸጠ። አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ወጣት ገዛው፤ እሱ ጋር ሥራ ይሠራል። አባቴ ግን እህቴ ሳትሰማ አይሸጥም ብሎ ነበር፤ ራሱ ደወለ፣ ራሱ ነገራት። ስለ ዓይኑም ነገራት። ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች፤ "ዜኒቱንም እንዲሁ ነው የሸጥከው" አለችው።

ከገንዘቡ ከፊሉ ለኅትመት ተቀመጠ። አባቴ ስልክ ላይ የሚታይ ፎቶ ፎቶ አይመስለውም። በወር አንዴ ይመርጣል፣ ያሳትማል፣ ከጀርባው ቀኑንና ቦታውን ይጽፋል። ሰፈሩ ቢበተንም እድሩ አልፈረሰምና የወሩ ስብሰባ ቀን ፎቶዎቹን በፖስታ ይዞ ይሄዳል፤ እዚያም የድሮ ጎረቤቶቹን ያነሳል። ባለፈው አንዲት ባልቴት፣ የካዛንቺስ ቤታቸው ከእኛ ሦስተኛው በር የነበረ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው መጡና "ለለቅሶዬ የምትሆን አንድ ጥሩ አንሳኝ፤ ልጆቼ ከመታወቂያዬ ላይ አሳድገው እንዳያዋርዱኝ" አሉት። አባቴ ካሜራውን አነሳ፣ ከዚያ ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር አላቸው። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። እሳቸው አፋቸውን በነጠላ ሳይከልሉ፣ የጎደለው ጥርሳቸው እየታየ ሲስቁ አነሳቸው።

በሚቀጥለው ወር ፎቶውን ሲሰጣቸው ረጅም ጊዜ አዩት። "ይሄማ ለለቅሶ አይሆንም" አሉ። ሳሎናቸው ሰቅለውታል። ለለቅሶው ሌላ እንዲያነሳቸው ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀጥረውታል፤ አባቴም ባትሪውን ሞልቷል።